«አስፈራሩት» ብላችሁ አትላኩልን
(ለክልል የሰብዓዊ መብት ክትትል በጎ ፈቃደኞች በሥልጠና መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር)

ከየክልሉ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣

እንኳን በደህና መጣችሁ። ሰላምታውን አሳጥረን ወደ ጥሰት መመዝገቢያ ቅጹ እንግባ፤ ወረዳችሁ ስትመለሱ የሚያስቸግራችሁ እሱ ነው።

ከመስክ ከሚላክልን ሁሉ ምንም ልንሠራበት የማንችለው «በፖለቲካ አመለካከቱ አስፈራሩት» የሚለው ነው። ማን? በምን ቃል? የት ቆሞ? ዱላ ሰንበር ይተዋል፤ የዛቻ ሰንበሩ ቃሉ ነው። ስለዚህ ቃሉን እንደወረደ፣ በተነገረበት ቋንቋ ጻፉት። በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ የተባለውን ስትተረጉሙ ዋናውን አትጣሉ።

«ማዳበሪያ ስትፈልግ እንገናኛለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ሲነበብ ምንም አይደለም። በሰኔ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን በር ላይ፣ የተረካቢዎችን ዝርዝር የያዘው ሰው ሲናገረው ግን ዛቻ ነው። የሴፍቲኔት ስም ዝርዝርም፣ የቀበሌ መታወቂያም፣ የመሸኛ ደብዳቤም እንዲሁ ናቸው። ከዛቻው በኋላ ምን እንደቀረበት ተከታተሉ። ጎረቤቶቹ መቼ፣ ስንት ኩንታል ወሰዱ? ማዳበሪያው ለመንደሩ ሁሉ ካልደረሰ እሱንም ጻፉ። ደብቀን ሌላ ሰው ቢያወጣው፣ እውነተኛው አቤቱታም አብሮ ይወድቃል።

እስር ላይ ሰዓት ቁጠሩ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ግን ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ በአግባቡ የሚጠይቀውን ጊዜ አይቆጥርም። ሁሉም ክርክር የሚነሳው ከዚህች ቀዳዳ ነው። የተያዘበትን ሰዓት፣ የተወሰደበትን ቦታ፣ ከዚያ እስከ ወረዳው ፍርድ ቤት ያለውን ርቀትና በዕለቱ መኪና መኖር አለመኖሩን መዝግቡ። ቦታው ፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን ትምህርት ቤት ወይም መጋዘን ከሆነ፣ ያ ራሱን የቻለ ጥሰት ስለሆነ ለብቻው ይሞላል።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ «አሁን ምን እንመዘግባለን?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አንቀጽ 18፣ ማለትም ከጭካኔና ኢሰብዓዊ አያያዝ የመጠበቅ መብት፣ በአንቀጽ 93 መሠረት በአስቸኳይ ጊዜም አይገደብም። ስለ ምግቡ፣ ስለ መኝታው፣ ስለ ድብደባው መጠየቃችሁን አታቁሙ።

ሰዓቱን በእኛው አቆጣጠር ጻፉና «ሌሊት» ወይም «ቀን» ጨምሩበት። «ሌሊት 9 ሰዓት» በፈረንጅ ሪፖርት ላይ 3 ሰዓት መሆን ሲገባው 9 ሆኖ ሊገባ ይችላል። ቀኑን እኛ እንቀይረዋለን፤ ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት በኋላ መስከረም 1 ወደ ሴፕቴምበር 12 ይሻገራል። የአንድ ቀን ስህተት ከተገኘ የሚመጣው መልስ ስለዚያች ቀን ብቻ ነው፤ ስለ ታሳሪው ማንም አያነሳም።

አንድ ሰው በሦስት ቅጽ ሦስት ሰው እንዳይሆንም ተጠንቀቁ፤ አንዱ በቅጽል ስሙ፣ አንዱ በአባቱ ስም፣ ሌላው «የ01 ቀበሌ ወጣት» ብሎ ይልካል። 01 ቀበሌ የሌለው ከተማ ደግሞ ጥቂት ነው። የአያት ስም፣ ዕድሜና ወረዳ ይሟላ።

ቁስል ስታነሱ አንዱን ፎቶ ከራቅ፣ አንዱን ከቅርብ፣ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አድርጋችሁ አንሱ። «የሲጋራ ቃጠሎ» አትበሉ፤ «ክብ፣ ጠርዙ የጠቆረ፣ ግራ ክንድ ላይ» በሉ። ምክንያቱን ሐኪም ይናገር። በቴሌግራም በፎቶ መልክ ከላካችሁት የተነሳበት ቀን ይጠፋል፤ በፋይል መልክ ላኩት። ፋይሉ ግን ቦታውንም ሊይዝ ስለሚችል ከላካችሁ በኋላ ከስልካችሁ አጥፉት።

ፈቃድ ሦስት ጥያቄ ነው፤ ልትናገር ትወዳለህ? ስምህ ይጻፍ? ለማን እናሳይ፣ ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽኑ፣ ለፍርድ ቤት ወይስ ለሕዝብ? ለአንዱ «እሺ» ማለት ለሌሎቹ እሺ ማለት አይደለም። እምቢ ካለች እናት ቤት ቡናውን ጠጥታችሁ ውጡ፤ በሳምንቱ ሌላ ሰው አትላኩባት። አርማ ባለው መኪና ወደ ደጇ መሄድም ለመንደሩ ሁሉ እንደ ማስታወቂያ ነው።

አሁን ቅጹን አውጡ፤ ገጽ 1ን አብረን እንሞላለን።