ብረቱ ቅዳሜ አለፈ

የአርባ ምንጭ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ስቶክሆልም ላይ በተገናኘን ቁጥር ወሬያችን ስለ ካፌው ቁርስና ስለ ዝንጀሮዎቹ ነው። ዛሬ ግን አዘጋጆቹ «ስለ ሥራህ ትንሽ በለን» ብለውኛል። የማወራው ስለ ብረት ነው። ወንዝ ውስጥ ስላለ ብረት። ቡናችሁን ይዛችሁ ተደላደሉ።

ከኮረብታው ላይ ሆነን ቁልቁል ስናይ ትዝ ይላችኋል? ዓባያ ቀይ፣ ጫሞ ሰማያዊ፣ መሃላቸው የእግዜር ድልድይ። ያ ቅላት ጎርፍ ያወረደው ቀይ አፈር ነው፤ ብረቱን ዓይን ያየዋል። እኔ የምሠራበት ካሊክስ ግን ብረቱን የሚደብቅ ወንዝ ነው። ሰሜን ስዊድን ከኬብኔካይሴ ተራሮች አካባቢ ይነሣና 460 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቦትኒያ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። ግድብ የለበትም። ብርዱን በሙሉ በረዶ ለብሶ ይተኛል። ግንቦት ላይ የጫካው በረዶ ሲቀልጥ ይነቃል። የተራራው ደግሞ ሰኔ ላይ ይከተላል።

ብረት አየር ባለበት ውሃ ውስጥ ብቻውን አይሟሟም፤ ይዝጋል። እዚያ ግን ከጫካው አፈርና ከረግረጉ የሚታጠበው ቡናማ ሁመስ፣ ማለትም የበሰበሰ የዕፅዋት ቅሪት፣ ያቅፈውና ይዞት ይሄዳል። እኛ ቀዳዳው 0.45 ማይክሮን የሆነ፣ ማለትም የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ግማሽ እንኳ የማይሞላ፣ ማጣሪያ ያለፈውን ሁሉ «የሟሟ ብረት» ብለን እንመዘግባለን። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው አልሟሟም። ማጣሪያው ያልያዘው ኮሎይድ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት።

አሁን ወደመጣሁበት ልግባ። አንድ ዓመት፣ በወር አንዴ ነበር ናሙና የምንወስደው። ሐሙስ ወሰድን። ውሃው ጸጥ ብሏል። ቅዳሜ ሌሊት በረዶው ተሰበረ። ድምፁ ጥይት ነው የሚመስለው። አለቃዬ ጋ ደወልኩ። «የትርፍ ሰዓት በጀት የለም፤ በሚቀጥለው ወር ትወስዳለህ» አለኝ። በሚቀጥለው ወር! ወንዙ ቢሮ ገቢ መሰለው እንዴ?

በራሴ መኪና ሄድኩ። በግንቦት እዚያ ሌሊቱ እምብዛም አይጨልምም። ድልድዩ ላይ ቆሜ ባልዲ በገመድ ሳወርድ የመኪና በር የሚያህል በረዶ መጣና ገመዱን በጥሶ ባልዲዬን ይዞት ነጎደ። የቀረኝ ልጄ አሸዋ የምትጫወትበት ባልዲ ነበር። ደግነቱ ፕላስቲክ ነው፤ ቆርቆሮ ቢሆን የምለካው ባልዲውን ነበር። ቤት ገብቼ ሳጣራ፣ በብርዱ ወራት ሙሉ ጠርሙስ የሚያሳልፈው ማጣሪያ ሩቡን እንኳ ሳያሳልፍ ቡናማ ሆኖ ድፍን አለ። የተረፈውን ውሃ በየጠርሙሱ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት። ልትጠይቀን የመጣች አክስቴ አንዱን አነሣችና «ይሄ ብርዝ ነው ጠላ?» አለች።

ቢሮውስ? «ከመርሐ ግብር ውጪ የተወሰደ ናሙና አንቀበልም።» አክስቴ ቢያንስ ከፍታ አሽትታዋለች!

ወገኖቼ፣ ሒሳቡ እኮ የአምስተኛ ክፍል ነው። ብረቱ በሊትር እጥፍ ሲሆን፣ ፍሰቱ ደግሞ አሥር እጥፍ ሲጨምር፣ ባሕር የሚገባው ሃያ እጥፍ ነው። ሃያ ቀን የሚፈጅበት ብረት በአንድ ቀን ያልፋል። እኛ የሐሙስን ጠርሙስ በወሩ ውሃ አባዝተን ዓመታዊ ሪፖርት እንጽፋለን። ባለቀለም ግራፍ! ከነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ! ይሄ ልኬት አይደለም። ከረባት ያሰረ ግምት ነው! «ሙላቱን ገምቶ መጨመር ይቻላል» የሚለኝም አለ። እንዴት አድርጎ? ከጫካ የሚመጣ ጅረት ሲሞላ ይጠቁራል፤ ረግረግ የበዛበትን ግን የበረዶው ውሃ ሊያቀጥነው ይችላል። ሳይቀዱ አይታወቅም።

ሌላም ነጥብ ጽፌ ነበር። ብረቱ ፎስፈረስም ይዞ ይሄዳል፤ የባሕሩ ጨው ሲያገኘው ወንዙ አፍ ላይ ይቋጠርና ይዘቅጣል። ሰዓት የያዘው ልጅ እያየኝ ስለሆነ አለፍኩት።

አገር ቤት ውሃ ላይ የምትሠሩ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዓባይ አብዛኛውን ደለል የሚያወርደው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ግንዱን ሁሉም ያየዋል። ሌሊት ሲሞላ ጠርሙስ ይዞ የቆመው ማን ነው?

ግንቦት ላይ እረፍት ያላችሁ ካሊክስ ኑ። ቦቲ ጫማ ያዙ። ባልዲ ገዝቻለሁ፣ ሁለት። ማደሪያም አለ።