ባለጣት ጫማ ቀድሞ የሚበላው የት ጋ ነው?

[ምስል፦ ሶሉ ወደ ላይ የተገለበጠ ባለጣት ጫማ]

ይህን ለየጣቱ ኪስ ያለው ጫማ መጀመሪያ ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ይሄ ስስ ነገር ስንት ቀን ሊቆይ?» እውነቱን ነው፣ ሶሉ ስስ ነው። እስቲ ከሱ እንጀምር።

በብዛት የሚታወቀውን ባለጣት ጫማ፣ ፋይቭፊንገርስን፣ የሚሠራው ቪብራም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ነው። መሥራቹ ቪታሌ ብራማኒ ተራራ ወጪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ስድስት ጓደኞቹ አልፕስ ላይ ሞቱበት፤ ከዚያ በኋላ ነው ድንጋይ ላይ የማይከዳ፣ ጥርስ ያለው የጎማ ሶል የሠራው። ለየጣቱ ኪስ ያለው ጫማ ሐሳብ የመጣው ግን ሮበርት ፍሊሪ ከተባለ የዲዛይን ተማሪ ነው።

ጎማ ሁለት ጠባይ አለው። ለስላሳው ይይዛል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ጠንካራው ይቆያል፣ ግን ያንሸራትታል። በረባሶ ያደረገ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል፤ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ስለሆነ በቀላሉ አይበላም፣ እርጥብ ለስላሳ ድንጋይ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የባለጣት ጫማ ሠሪዎችም በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው የሚመርጡት።

[ምስል፦ እርጥብ ሴራሚክ ላይ የቆመ እግር]

ጎማ መሬት የሚይዘው ገጹ ላይ በመጣበቅና ወደ ሸካራው ስንጥቅ ገብቶ በመጨበጥ ነው። እርጥብ ሴራሚክ ላይ ውሃው መጣበቁን ይከለክላል፣ የሚጨበጥ ሸካራም የለም። ለዚህ ነው ሶሉ ላይ እንደ ምላጭ የቀጠኑ ቁርጦች የሚደረጉት፤ ውሃውን ጠርገው ጎማው ወለሉን እንዲነካ ያደርጋሉ። ቁርጦቹ ካለቁ ጫማው እንደ ተላጨ ጎማ ነው፤ ቀዳዳ ባይኖረውም ዝናብ ላይ አትመኑት። ጭቃ ላይ ደግሞ የከተማው ዓይነት ጥርሱ አጭር ነው፣ ወዲያው ይሞላል። ደረቅና ወጣ ገባ መሬት ላይ ግን የሚደርስበት ያለ አይመስለኝም፤ ስሱ ሶል ድንጋዩን ያቅፋል፣ እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ይጫናል።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የገባው በባዶ እግሩ ነበር። የሱ ሶል ቆዳ ነው፤ ሲበላ ራሱን ይተካል። ጎማ ይህን አይችልም። ቪብራም ከነዚህ ጫማዎች አንዱን «ቢኪላ» ብሎ ሰይሞት ነበር። ቤተሰቡ ስሙን ያለፈቃዳችን ተጠቀመ ብለው እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ከሰሱ፤ በቀጣዩ ዓመት ክሱ ዘግይቷል ተብሎ ውድቅ ሆነ። እኔን ዛሬም ይቆጨኛል።

[ምስል፦ በሁለት ጣቶች መካከል ያለው ስፌት፣ ከቅርብ]

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። የሩጫ ጫማ ሶሉ ደህና ሆኖ ሳለ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ይሞታል። እዚህ ግን የሚሞት ስፖንጅ የለም ማለት ይቻላል። ጎማው ቀድሞ የሚሳሳው በአውራ ጣትና ከሥሩ ባለው፣ መሬቱን በምንገፋበት ቦታ ነው፤ ተረከዙን የሚጎትት ሰው ደግሞ ከኋላ ይጨርሰዋል። ብዙውን ጊዜ ከሁሉም ቀድሞ የሚለቀው ግን እዚህ የምታዩት ነው፤ የጣቶቹ መካከል። ጨርቁ ስስ ነው፣ ስፌቱ ጠባብ ማዕዘን ውስጥ ነው፣ በየእርምጃው ይሳባል፣ ላብ ይጠጣል። ቁጥሩ ካነሰ ወይም ጥፍር ካደገ የጣቱ ጫፍ ስፌቱን ሌት ተቀን ይገፋል።

ስለዚህ ስትገዙ ሁሉም ጣት ጫፍ ላይ ትንሽ ቦታ ይኑረው። ስታወልቁ ጣቱን ይዛችሁ አትጎትቱ፣ ከተረከዙ ጀምሩ። አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁ፤ ፀሐይና ማሞቂያ ጎማውን ያደርቁታል። አንዳንዴም ወደ ብርሃን አንሡና በጣቶቹ መካከል እዩ። የመርፌ ቀዳዳ ያህል ብርሃን ካለፈ በዚያው ሳምንት በናይለን ክር አሰፉት። ሶሉ ካለቀ ግን ጫማ ሰፊም ብዙ አይረዳችሁም፤ በየጣቱ ዙሪያ የተጠቀለለ ጎማ ገንጥሎ አዲስ ማልበስ በጣም ከባድ ነው።