የባሕሩን ወለል በእጅ መቆፈር

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል፦ የውቅያኖስን ጅረት በኮምፒውተር የሚያስሉ ሰዎች የባሕሩን ወለል ከየት ያመጡታል?

ነፋስ ውኃውን እንደሚገፋ፣ ፀሐይም እንደምታሞቀው ሁላችንም እንገምታለን። ሦስትና አራት ሺህ ሜትር ታች የተጋደመ ተራራ፣ ላይ ላዩን የሚሄደውን ጅረት ያዛል ቢባል ግን ማን ያምናል? ያዛል እንጂ። ምድር ስለምትሽከረከር ሰፊ ጅረት ጥልቀቱ ወደሚቀንስበት ቦታ ሽቅብ መውጣት ይከብደዋል፤ ዳገቱን ታክኮ መዞር ይቀናዋል።

አንታርክቲካን የሚዞረውን ጅረት ተመልከቱ። የሚያግደው የብስ የለም፤ የምዕራብ ነፋስ ክረምት ከበጋ ይነዳዋል። ታዲያ ፍጥነቱ ለምን እየጨመረ አይሄድም? ተመራማሪዎቹ ዋልተር ሙንክና ኤሪክ ፓልሜን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1951 መልሱን ከሥር ፈለጉት፦ ጅረቱ በባሕር ውስጥ ያሉትን ሰንሰለታማ ተራሮች ይገፋል፤ እነርሱም መልሰው ይገፉታል። ወለሉን ጠፍጣፋ አድርገው ያሰሉ ሞዴሎች (ጅረትን የሚያስሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች) ከእውነተኛው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጅረት አውጥተዋል።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የጎረቤታችን የባብ ኤል መንደብ፣ ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚያገናኘው ሰርጥ፣ ነገር ነው። ቀይ ባሕር በዓመት ሁለት ሜትር ያህል ውኃ በትነት ያጣል፤ ይህ ነው የሚባል ወንዝም አይገባበትም። ጉድለቱን የሚሞላው ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በሰርጡ በኩል የሚገባው ውኃ ነው። ጨው የበዛበትና የከበደው የቀይ ባሕር ውኃ ደግሞ ከሥር ከሥር ይወጣል። ሃኒሽ ደሴቶች አጠገብ 137 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ደፍ አለ፤ ውኃው ያንን ተሻግሮ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይወርዳል። አንዱ መውረጃው ስፋቱ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ረጅም ሸለቆ ነው።

ሞዴሉ ግን ዓለምን በሣጥን ነው የሚከፋፍለው። የአንዱ ሣጥን ጎን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን፣ ሰርጡ በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግራና ቀኙ የብስ ስለሆነ አማካዩ ሲወሰድ ሣጥኑ የብስ ሆኖ ቁጭ ይላል። ቀይ ባሕር ሐይቅ ሆነ ማለት ነው፤ ስሌቱ እንዲሁ ከቀጠለ በየዓመቱ ሁለት ሜትር ይጎድላል! ስለዚህ አንድ ሰው የወለሉን ጥልቀት የያዘውን ፋይል ይከፍትና ያቺን ሣጥን በእጁ ይቆፍራታል። ነውር አይደለም፤ የሙያው የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

ከተቆፈረም በኋላ ጣጣው አያልቅም። በብዙ ሞዴሎች ወለሉ እርከን እርከን ሆኖ ይሠራል፤ ጨዋማው ውኃ በየእርከኑ ሲወርድ ከተፈጥሮው በላይ ከአካባቢው ውኃ ጋር ይቀላቀልና ማረፍ ከሚገባው ጥልቀት ሳይደርስ ይቀራል። የወለሉን ቅርጽ ተከትለው የሚታጠፉ ንብርብሮች ያሏቸው ሞዴሎችም አሉ። እነርሱ ደግሞ ቁልቁለቱ ሲበረታ የግፊት ስሌታቸው ይዛባና በተፈጥሮ የሌለ ጅረት ይወልዳሉ። ምርጫው ከሁለት ክፉ ነው።

በዚያ ላይ ከመርከብ በድምፅ ሞገድ በቅጡ የተለካው የዓለም ባሕር ወለል ሩብ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ከሳተላይት ልኬት የተገመተ ነው። የሰው ፍርድ እንዲህ ከገባበት፣ ፍርዱ በጽሑፍ ይቀመጥ ባይ ነኝ። ሰርጦቹን ስንት ሜትር እንዳጠለቁ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንዳሰፉ በሠንጠረዥ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ያላስቀመጠ ሰው ካርታውን በቀለም አሸብርቆ ሲያቀርብልኝ ግን ስለ ቀለሙ አልጠይቀውም። «ባብ ኤል መንደብን ስንት ሜትር አደረግኸው?» ነው የምለው። በሉ፣ ደህና ሰንብቱ።