በየዓመቱ እንደ አዲስ የምንተዋወቀው ቡድን

(በድሬዳዋ በተካሄደ የከተማዋ እግር ኳስ ክለብ ደጋፊዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን የክለባችን የቦርድ አባላት፣ የደጋፊ ማኅበራችን አመራሮች፣ ከከዚራም ከመጋላም፣ ከሳቢያንም ከገንደ ቆሬም በዚህ የሐምሌ ሙቀት ጥላችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ማይክሮፎኑ እንደ ተከላካይ መስመራችን ይቆራረጣልና ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የዘንድሮው የመጀመሪያ ጨዋታችን ዕለት ከልጅ ልጄ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ነበር። እንደምታውቁት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የሊጉ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ ስለሚጫወቱ፣ ተራው የድሬዳዋ ካልሆነ በቀር ቡድናችንን የምናየው በመስኮት ነው። ልጁ «አባባ፣ 8 ቁጥሩ ማነው?» አለኝ። አላወቅሁትም። «ግራ ተከላካዩስ?» እርሱንም አላወቅሁትም። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «አንተ ግን የኛ ደጋፊ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። የድሬ ልጅ አንቱ አያውቅም፤ በዚያ አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት መልስ በማጣቴ ነው።

እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ መሸነፍ ላማርር አይደለም። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ሽንፈት ያላየ ደጋፊ ካለ በስህተት የገባ ነው። በሰንጠረዡ ግርጌ መንከላወሱም፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ከማዕዘን ምት ግብ መቆጠሩም ያበሳጫል፤ ግን ያልፋል። የማያልፈው ሌላ ነው። በየሰኔው ቡድኑ ይፈርሳል፤ በየነሐሴው ሌላ ቡድን ይገዛል። ጥቅምት ላይ ተጫዋቾቹ ገና የመግባቢያ ቋንቋ እየፈለጉ ነው። ጥር ላይ መግባባት ይጀምራሉ። ግንቦት ላይ ደግሞ ውላቸው ሊያበቃ ስለሆነ ልባቸው ቀጣዩ ክለብ ዘንድ ነው። ታዲያ ለእኛ የተጫወቱት መቼ ነው?

ዕድሜዬን የጨረስኩት በምድር ባቡር የጥገና ክፍል ነው። ሎኮሞቲቭ ሲታመም የታመመውን ክፍል ፈልገን እናወጣለን፤ ደህናውን አንነካም። ሞተሩን፣ ፍሬኑንና መንኮራኩሩን በአንድ ክረምት ነቅሎ ጥሎ በየዓመቱ አዲስ ልግጠም የሚል ሠራተኛ ቢመጣ፣ አለቃችን መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ባቡሩ አልነበረም፤ መለዋወጫውን የሚሸጠው ማን እንደሆነ ነበር።

እኔም ያንኑ ልጠይቅ። ደላላው የሚበላው ተጫዋቹ ሲፈርም እንጂ ሲቆይ አይደለም። አሠልጣኙ አምስት ጨዋታ ከተሸነፈ እንደሚባረር ስለሚያውቅ የ18 ዓመት ልጅ ለማሳደግ ጊዜ የለውም፤ ዝግጁ የሆነ ሰው ይፈልጋል። ተጫዋቹም ቢሆን የፊርማ ገንዘብ የሚያገኘው ሲዘዋወር ነው፤ እንጀራው ነውና አልፈርድበትም። አመራሩስ? ነሐሴ ላይ አዲስ ፈራሚ ማሊያ ይዞ ፎቶ ሲነሳ እኛ ስለምናጨበጭብ፣ የሰኔውን ጥያቄያችንን ያስረሳልናል። አዎ፣ እኛም አለንበት። እኔም አጨብጭቤያለሁ። በዚህ ሁሉ ገበያ ውስጥ ተጫዋቹ ቢቆይ የሚጠቀመው ክለቡ ብቻ ነው፤ ስለ ክለቡ የሚከራከር ሰው ደግሞ ጠረጴዛው ዙሪያ የለም።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አንርሳ። በአገራችን ያሉ የከተማ ክለቦች በአብዛኛው የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር በሚመደብ በጀት ነው። ይህ ማለት ቀፊራ ገበያ ቲማቲም የምትሸጠው እናት የከፈለችው ግብር በከፊል ለአንድ አጥቂ የፊርማ ገንዘብ ይውላል ማለት ነው። አጥቂው ግብ ቢያስቆጥር ኖሮ እሷም አትቆጭም ነበር።

አሁን ሁላችሁም ወደምታውቁት ልጅ ልምጣ። ስሙን አልጠራም፤ እርሱ አላጠፋም። ሳቢያን አሸዋ ሜዳ ላይ በባዶ እግሩ ሲጫወት ያየነው ነው። በታዳጊ ቡድናችን ሁለት ዓመት ቆየ፤ «ልምድ የለውም» ተብሎ ያለ አንዳች ክፍያ ተሸኘ። በእርሱ ቦታ ከሌላ ከተማ የመጣው ሰው፣ አባቶቻችን እንደሚሉት፣ ከእጅ የማይሻል ዶማ ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው የሳቢያን ልጅ በፊርማ ገንዘብ ተገዝቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ! አቦ፣ የገዛ በጉን ከገበያ የሚገዛ ሰው ምን ይባላል?

ይህ በትልልቆቹም ቤት ይደርሳል። ማንችስተር ዩናይትድ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገውን ፖግባን በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ ጁቬንቱስ ሸኘው፤ በ2016 በ89 ሚሊዮን ፓውንድ መልሶ ገዛው፤ በ2022 ደግሞ እንደገና በነጻ ሄደ። ያ ሁሉ ገንዘብ ያለው ክለብ በ2024/25 የውድድር ዘመን 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። እነርሱ ግን ቢከስሩ የሚሸጡት ማሊያ በዓለም ሞልቷል። እኛ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ የሚሸጥ የራሳችን ማሊያ እንኳን ፈልገን የምናገኘው በመከራ ነው።

«ድሬዳዋ ተጫዋች የላትም» የሚል ድምፅ ባለፈው ስብሰባ ሰምቻለሁ። ይህን የተናገረው ሰው ከተማዋን አያውቃትም። የጥጥ ማኅበር፣ ማለትም የከተማችን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን፣ በ1950ዎቹ የአገሪቱን ዋንጫ ደጋግሞ ሲያነሳ ከዚሁ ነው የተነሳው። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የጥጥ ማኅበርን ማሊያ ለብሷል። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ሲዘጋጅ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር የተጫወቱት እዚሁ ስታዲየማችን ውስጥ ነው፤ እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ትኬት ስላልነበረኝ ዘበኛው ዞር ሲል ነው የገባሁት። በ1993 ዓ.ም. በመብራት ኃይል ማሊያ በአንድ የውድድር ዘመን 24 ግብ ያስቆጠረው ዮርዳኖስ ዓባይም የዚህች ከተማ ልጅ ነው። ሜዳው አልመከነም። ሜዳውን የሚያይ ሰው ነው የጠፋው፤ ከሰዓት በኋላ የሰፈር ውድድር ሲካሄድ ከክለባችን አንድ መልማይ እንኳን ደብተር ይዞ ዳር ላይ ሲቆም ያየ ካለ እጁን ያውጣ።

(ማንም እጁን አላወጣም።)

ለቦርዱ የማቀርበው ጥያቄ ከባድ አይደለም። የዝውውር መስኮቱ ሳይዘጋ፣ ለአንድ ቦታ ተጫዋች ከመግዛታችሁ በፊት፣ በዚያ ቦታ ከታዳጊ ቡድናችን ማን እንዳለና ለምን እንደማይበቃ አሠልጣኙ በጽሑፍ ይመልስ። የምትገዙትንም ቢያንስ ለሁለት ዓመት አስፈርሙ። ለወኪል የተከፈለው ገንዘብ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ይነበብ። አንድ ነገር ደግሞ፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው፤ በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር በገንዘብ ሲዛወር፣ ከክፍያው እስከ 5 በመቶ የሚሆነው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ነገር ግን ልጁ በየትኛው ዓመት የት እንደተመዘገበ ማስረጃ ያስፈልጋል። የእኛ ታዳጊዎች መዝገብ የት ነው ያለው? ባለፈው ዓመት ስጠይቅ «የቀድሞው ጸሐፊ ቤት» ተባልኩ።

ጥያቄዎቹ በአንድ ገጽ ተጽፈው በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። የምትስማሙ ስትወጡ ፈርሙ፤ የደጋፊ መታወቂያ ቁጥራችሁን አትርሱ፣ ያለ ቁጥር የፈረመ ባለፈው ጊዜ አልተቆጠረለትም። እስክሪብቶ ሁለት ብቻ ስለሆነ ያላችሁ አውጡ።