የአባባ የዱቤ ደብተር

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። በዛሬው ዝግጅት እንግዳ አልጋበዝኩም፤ ስለ አባቴ ብቻዬን ልነግራችሁ ነው። አባባ የመን ተወልዶ፣ ከሰባ ዓመት በላይ አቃቂ ኖሮ፣ ዘጠናን ካለፈ በኋላ ባለፈው ዓመት እዚያው አቃቂ ተቀበረ። በለቅሶው ሰሞን ሊያጽናኑን የመጡ ሰዎች ደጋግመው «አገራችንን ወዶ ቀረ» ይሉን ነበር። ከቅን ልብ የወጣ ቃል ነውና አመስግኜ ተቀብያለሁ። ነገር ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣን ሰው ዕድሜ ልኩን የሚያስቀረው ፍቅር ብቻ አይመስለኝም። አባባን ያስቀረው፣ እኔ እንደማውቀው፣ ሰው ለእሱ የነበረበት ዕዳና እሱ ለሰው የነበረበት ብድር ነው።

የተወለደው ከታዒዝ በስተደቡብ በሚገኘው ሁጀሪያ በሚባል፣ ተራራው በእርከን በሚታረስበት ደጋ አገር ነው። የልደት ቀኑን የጻፈለት ሰው አልነበረም፤ ሰሜን የመንን ይገዙ የነበሩት ኢማም ያህያ በየካቲት 1940 ዓ.ም. ሲገደሉ አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ እንደነበረው ስለሚያስታውስ፣ ዕድሜውን የምንቆጥረው ከዚያ ተነሥተን ነበር። በዚያ ዘመን የሁጀሪያ ወጣት እንጀራ ፍለጋ የሚወርደው በእንግሊዞች እጅ ወደነበረው ኤደን ወደብ ነው። እሱም እንደ እኩዮቹ ወረደ፤ በወደቡ ጥቂት ጊዜ ጆንያ ከተሸከመ በኋላ ሳምቡክ በሚሉት የሸራ ጀልባ ወደ ጅቡቲ ተሻገረ፤ ከጅቡቲም ባቡር ይዞ መጣ። አጎቱ ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሱቅ ስለነበረው አዲስ አበባ ሳይደርስ ወረደ። ዋና ከተማውን ያየው ከወራት በኋላ፣ ዕቃ እንዲያመጣ መርካቶ ሲላክ ነው።

ሱቁ ሰዉ «ዓረብ ቤት» የሚለው ዓይነት ነበር። ጨው፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ሻይ ቅጠል፣ መርፌና ክር፣ በኋላም የወንጂ ስኳር ይሸጥበታል። የሚሸጠውም በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ የስሙኒ ስኳር፣ የአምስት ሳንቲም ሻይ ቅጠል፣ ግማሽ ጠርሙስ ላምባ። ስኳሩን የሚሰጠው በጋዜጣ ወረቀት ጠቅልሎ ነበር። ወረቀቱን በግራ አውራ ጣቱ ላይ አዙሮ እንደ ቀንድ ያሾለዋል፤ ጫፉን አንድ ጊዜ ያጥፈዋል፤ ከሞላው በኋላ አፉን ወደ ውስጥ ሁለት ጊዜ አጥፎ ይዘጋዋል፤ ክር ሳይታሰርበት ልጅ እየሮጠ ቢወስደው እንኳ አይፈስም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የልጅ ልጆቹ ስም ሲጠፋበት እንኳ፣ ወረቀት ከሰጡት ሳይሳሳት ይጠቀልል ነበር።

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሱቁን ያቆመው ዱቤ ነው። ሠራተኛው ከደመወዝ እስከ ደመወዝ በዱቤ ይወስዳል፤ ደመወዝ ሲወጣ ይከፍላል። አባባ አማርኛን ከደንበኞቹ አፍ ለምዶ አቀላጥፎ ይናገር ነበር፤ ፊደሉን ግን አያውቅም። ስለዚህ የዱቤ ደብተሩን የሚጽፈው አማርኛውን በዓረብ ፊደል አድርጎ ነበር። ብዙዎቹንም በስማቸው አይመዘግባቸውም፤ «የዘበኛው ሚስት»፣ «ረጅሟ ፈታይ»፣ «ከወንዝ ማዶ ያለው መምህር» ይላል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ወደ ሃምሳ ዓመት ሲጠጋ ማለት ነው፣ ማታ ማታ ቀበሌ እየሄደ ከገዛ ደንበኞቹ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ፊደል ቆጠረ። ያስተማረችውም ከረሜላ እየሸጠላት ያደገች የጎረቤት ልጅ ናት።

ከዚያ በኋላ ደብተሩን ከሁለት በኩል ይጽፍበት ጀመር፤ ከቀኝ የድሮው ዱቤ በዓረብ ፊደል፣ ከግራ አዲሱ በእኛ ፊደል። አንደኛው ደብተር አሁን ፊት ለፊቴ አለ። ሽፋኑ ሰማያዊ ነው፤ የታችኛው ጥጉ ላምባ ጠጥቶ ጠቁሯል። በግራ በኩል ያሉት ፊደላት ትልልቅና ጎበጥ ያሉ ናቸው፤ ስኳርን እስከ መጨረሻው «ሱከር» እያለ ጽፎታል። የከፈለ ሰው ሒሳብ በአንድ መስመር ይሰረዛል። ያልተሰረዙት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ናቸው።

ወደ 1967 ዓ.ም. ልመለስ፤ የመሄድና የመቅረቱ ነገር የተቆረጠው በዚያን ጊዜ ነውና። በሐምሌ ወር የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የሱቁ አከራይ ቀርተው ኪራይ ተቀባዩ ቀበሌ ሆነ። ስኳሩና ጨውም ውሎ አድሮ በኅብረት ሱቅ በኩል በራሽን የሚታደል ሆነና ለአባባ የቀረለት መርፌና ክር ነበር ማለት ይቻላል። ከመርካቶም ከአቃቂም ብዙ የመናውያን ያላቸውን ሸጠው ወደ አገራቸውና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄዱ። አጎቱም ከሄዱት አንዱ ሲሆን፣ «ዱቤህን ሰብስብና ተከተለኝ» ብሎት ነበር። አባባ ይህን ሲያጫውተን አገር ስለ መውደድ አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም። የሚለው እንዲህ ነበር፦ «ለመሄድ ዱቤዬን መሰብሰብ ነበረብኝ። ለመሰብሰብ በየሰዉ ደጅ መቆም ነበረብኝ። በማን ደጅ ልቁም? ልጄን በቀበሩልኝ ሰዎች ደጅ?»

የመጀመሪያ ልጁ፣ እኔ ያላየሁት ወንድሜ፣ በኩፍኝ ሲሞት አባባ ገና የእድር አባል አልነበረም። ከአገሬው ጋር የሚያውቀው የሚዛን ነገር ብቻ ነበር። ሆኖም የሰፈሩ እድር፣ አብዛኞቹ አባላቱ ክርስቲያኖች ሆነው ሳለ፣ ሳይጠየቅ ድንኳን ተከለ፤ ወንዶቹ መቃብር ቆፈሩ፤ ሴቶቹ ከወሎ መጥታ ዘመድ ያልነበራትን እናቴን ከብበው አብረዋት አለቀሱ፣ ቡናውንና ንፍሮውንም ከየቤታቸው አመጡ። በማግሥቱ አባባ አባልነት ጠየቀ፤ ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ የወር መዋጮውን አላቋረጠም፣ ከቀብርም አልቀረም። ይህን ብድር ትቶ መሄድ ለእሱ ነውር ነበር፤ ብድሩ ደግሞ በየለቅሶው እየታደሰ ስለሚሄድ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም።

በወረቀት ግን እስከ መጨረሻው የውጭ ዜጋ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዱን እያሳደሰ ኖረ። ከአንድ ሱቅ ሳይነቃነቅ የተወለደባት አገር ሦስት ስም ይዛለች፤ ሲወጣ የንጉሥ አገር ነበረች፣ ከመስከረም 1955ቱ አብዮት በኋላ የየመን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ከግንቦት 1982ቱ ውሕደት በኋላ የየመን ሪፐብሊክ ተባለች። አገሩን ረስቶ ነበር ማለት አይደለም። ማታ ማታ የቢቢሲን የዓረብኛ ሥርጭት ሳይሰማ አይተኛም ነበር፤ ያ ራዲዮ ከ85 ዓመት በኋላ በጥር 2015 ዓ.ም. ሲዘጋ ለሳምንታት መዘውሩን እያዞረ ፈልጎታል።

በ2007 ዓ.ም. የየመን ጦርነት ተባብሶ ታዒዝ ስትከበብ፣ ከሸሹት መካከል አዲስ አበባ የደረሱ ነበሩ። አንድ የታዒዝ ወጣት አባባ ዘንድ መጣ። አባባ ስለ ጦርነቱ ብዙም አልጠየቀውም፤ ስለ እርከኖቹና ስለ ዝናቡ ጠየቀው። ከዚያም ካልሲና የፀጉር ማበጠሪያ በዱቤ ሰጥቶ ሽጦ እንዲኖር አደረገው። እኛ ልጆቹ «ለምን በነጻ አትሰጠውም?» ስንለው፣ «ስጦታ ብሰጠው አመስግኖኝ ይሄዳል፤ ዱቤ ብሰጠው ግን ይመለሳል» አለን። ያ ወጣት ቃሉን ጠብቆ ሲመላለስ ኖረ፤ አስከሬኑን ካጠቡት ሰዎችም አንዱ እሱ ነው።

በእስልምና ሥርዓት ሟች ሲቀበር ቤተሰቡ «በእሱ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ካለ ይንገረን፣ እኛ እንከፍላለን» ይላል። ወንድሜ መቃብሩ አጠገብ ቆሞ ይህን ሲናገር የጠየቀ አልነበረም። በለቅሶው ቀናት ግን ከፋብሪካው ጡረታ የወጡ ሰዎችና ልጆቻቸው እየመጡ በየቤታቸው ሳይከፈል የቀረውን ዱቤ ይነግሩን ጀመር። አንዲት እናት መቀነታቸውን ፈትተው በአራት የታጠፈ የመቶ ብር ኖት አወጡና «የእናቴ የላምባ ነው» አሉ። ወንድሜ አልቀበልም ቢላቸው ተቆጡት፤ «የተበደርነው ከአባትህ ነው፤ አንተ ማነህና ትምረናለህ?» አሉት። ገንዘቡን ተቀብለን በአባባ ስም ለእድሩ አስገባነው።

አሁን በዓረብ ፊደል የተጻፈውን ክፍል የአጎቴ ልጅ እያነበበልኝ በእኛ ፊደል እየገለበጥኩት ነው። «ረጅሟ ፈታይ» ማን እንደነበረች እስካሁን የነገረኝ የለም። ወላጆቻችሁ ወይም አያቶቻችሁ በዚያ ዘመን በአቃቂ ፋብሪካ ሠርተው፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው ዓረብ ቤት ዱቤ ይወስዱ ከነበረ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ። ሒሳብ ለመጠየቅ አይደለም፤ ስማቸውን ከመስመሩ ጎን ለመጻፍ ነው።