ዓይን ያየው እና ካሜራ ያየው

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሰሜን ብርሃን ነው፤ በምድር ሰሜናዊ ጫፍ አካባቢ ሌሊት ሰማይ ላይ ስለሚታየው ባለ ቀለም ብርሃን። የምኖረው ትሮምሶ ነው፤ ከ69ኛው ዲግሪ የሰሜን ኬክሮስ በላይ፣ በሰሜን ኖርዌይ ደሴት ላይ የተቆረቆረች ከተማ። ክረምቱ ሲገባ ከኦስሎ፣ ከስቶክሆልም፣ አንዳንዴም ከጀርመን ወዳጆቼ ይመጣሉ። ማታ ከከተማው መብራት አርቄ ወደ ክቫሎያ ደሴት እወስዳቸዋለሁ። ብርሃኑ ሲወጣ አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «ይሄ ደመና አይደለም እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። የሰሜን ብርሃን ደከም ሲል ለዓይን አረንጓዴ አይደለም። ነጣ ያለ ነው፣ ግራጫ፣ ከአንዱ ተራራ ጫፍ እስከ ሌላው የተዘረጋ ቀጭን ቅስት። ደመና አለመሆኑን የምታውቁት ከዋክብት በውስጡ አልፈው ሲታዩ ነው። ከዚያ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ያነሣዋል፣ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ያለ አረንጓዴ ይመጣል። ይሄኔ ቅር የሚለው ሰው አለ። «እስከ ዛሬ በፎቶ ያየሁት ሁሉ ታዲያ ውሸት ነበር ማለት ነው?» ብሎ የጠየቀኝም አለ።

እኔ ውሸት ነው አልልም። በጨለማ የምናይባቸው የዓይናችን ሕዋሳት ብርሃንን እንጂ ቀለምን አይለዩም፤ ቀለም የሚለዩት ደግሞ ሥራ ለመጀመር ብዙ ብርሃን ይፈልጋሉ። ካሜራው ይህ ችግር የለበትም። ብርሃን የሚያስገባው በሩ፣ ሻተሩ፣ ክፍት ሆኖ በቆየበት ሴኮንድ ሁሉ ብርሃኑን ያጠራቅማል። አረንጓዴው እዚያ ሰማይ ላይ በእርግጥ አለ፤ ያልደረሰው ወደ እኛ ነው።

ደግሞ የሚደርስበት ሌሊት አለ። ባለፈው ክረምት ከአንድ ወዳጄ ጋር ፊዮርዱ ዳር፣ ባሕሩ በተራሮች መካከል በሚገባበት ሰርጥ አጠገብ፣ ቆመን ሳለን ያ ግራጫ ቅስት በምሥራቅ በኩል ድንገት ደመቀ። መታጠፍ ጀመረ፣ ሮጠ፣ ሰማዩን አቋርጦ ከራሳችን በላይ ደረሰ። ዓይናችን ራሱ አረንጓዴውን አየ። የታችኛው ጠርዙ ሐምራዊ ሆኖ፣ ነፋስ እንደሚያውለበልበው የነጠላ ጥለት ይርገበገብ ነበር። በረዶው አረንጓዴ መሰለ፣ የወዳጄ ፊትም እንዲሁ። ወዳጄ አማተበ፤ ቆይቶ እንደገና አማተበ። ሁሉም ነገር የቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ የቀሩት ብልጭ ድርግም የሚሉ የብርሃን ቁርጥራጮች ብቻ ነበሩ።

የዚያን ሌሊት ፎቶ ደሴ ላለችው እናቴ ላክሁላት። በማግሥቱ ደወለች። «ልጄ፣ አንተ በዓይንህ ያየኸው እንዲህ ነው?» አለችኝ። «እማዬ፣ ዓይኔ ያየው ከዚህ ደብዘዝ ይላል፤ ግን ይንቀሳቀሳል» አልኋት። «ታዲያ የሚንቀሳቀሰውን ትተህ የቆመውን ለምን ላክህልኝ?» አለች። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ስፈልግ ነው ይህን ክፍል ለመቅዳት የተነሣሁት።

ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎችም በዚሁ ጉዳይ ደክመዋል። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥራቸውና፣ በ1882 ክረምት ሶፉስ ትሮምሆልት የሚባል ዴንማርካዊ ካሜራውን ይዞ የሰሜኑ ነባር ሕዝብ የሆነው የሳሚ ሕዝብ ወደሚኖርበት፣ በሰሜን ኖርዌይ ወዳለችው ወደ ካውቶኬይኖ ሄደ። የዘመኑ የፎቶ ሰሌዳ ለብርሃን እጅግ ዳተኛ ስለነበር የሰሜኑን ብርሃን ሊይዝለት አልቻለም። ስለዚህ በእጁ ሣለው። በዚያው ካሜራ የሳሚ ሰዎችን ፊት እያነሣ የተዋቸው ፎቶዎች ግን እስከ ዛሬ ይደነቃሉ። የመጀመሪያው የሰሜን ብርሃን ፎቶ የተገኘው ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1892 ነው። ማርቲን ብሬንደል የተባለ ጀርመናዊ እዚሁ ሰሜን ኖርዌይ፣ አልታ አጠገብ ባለችው ቦሴኮፕ አነሣው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ካርል ስቶርመር ነው። ይህ ኖርዌያዊ የሒሳብ ሊቅ ከ1910 ጀምሮ ተራርቀው በቆሙ ሁለት ካሜራዎች ያንኑ ብርሃን በአንድ ቅጽበት ያነሣ ነበር። በሁለቱ ቦታ ያሉት ሰዎች በስልክ ይነጋገራሉ፣ እኩል ይጫናሉ። ከዚያ ብርሃኑ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ከየትኛው ኮከብ አጠገብ እንዳረፈ እያነጻጸረ ከፍታውን ያሰላል። የታችኛው ጠርዝ ከምድር በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ተራራው ላይ የተቀመጠ የሚመስለን ነገር ማለት ነው! ይህን የትኛውም ዓይን ሊነግረን አይችልም ነበር። ለእናቴ ካሰብኋቸው መልሶች አንዱ ይኸው ነው፦ የቆመው ምስል ሲለካ ያልታየውን ያሳያል።

ቀለሙም የከፍታ ምስክር ነው። አረንጓዴው ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር አካባቢ ካለው ኦክስጅን ይመጣል፤ ቀዩም ያው ኦክስጅን ነው፣ ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ። ቀዩን ብርሃን ለመስጠት የኦክስጅን አቶም ወደ ሁለት ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ ሳይነካ መቆየት አለበት። ዝቅ ባለው አየር ውስጥ ያን ያህል ሳይጋጭ ሊቆይ አይችልም፤ ጉልበቱን ሌላው ይወስድበታል። ስለዚህ ቀዩ ላይ፣ አየሩ እጅግ በሳሳበት ብቻ ይኖራል። በግንቦት 2024 ኃይለኛው የፀሐይ ማዕበል ሲመጣ ያንን ቀይ ከሰሜን እጅግ ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ አይተውታል።

ብዙ ሰው ይህ ብርሃን ከብርድ የሚመጣ ይመስለዋል። ብርዱ ምንም ድርሻ የለውም፤ ነገሩ የማግኔት ነው። ከፀሐይ የሚነሣው ነፋስ በሴኮንድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዘ የምድርን ማግኔታዊ ጋሻ ይገፋል። ከዚያ ግፊት ጉልበት ያገኙ ኤሌክትሮኖች፣ እነዚያ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች፣ የማግኔቱን መስመር ተከትለው ወደ ዋልታዎቹ ይወርዳሉ፤ ቅድም ያነሣሁትን ኦክስጅን ሲመቱትም ያበራል። ኖርዌያዊው ክርስቲያን ቢርኬላንድ ይህን በቤተ ሙከራ አሳይቷል፤ አየር በወጣለት ሳጥን ውስጥ ማግኔት የያዘ ሉል ሰቅሎ ኤሌክትሮን ሲለቅበት በዋልታዎቹ ዙሪያ አበራለት። ሀገሩ በኋላ ምስሉን በ200 ክሮነር ኖት ላይ አተመችው።

እዚህ ላይ ስለ ሀገራችን አንድ ነገር ልናገር፤ ሳስበው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ የምትገኘው ከምድር ማግኔታዊ ወገብ አጠገብ ነው። እዚያ ወደ ላይም ወደ ታችም መዞር የምትችል የኮምፓስ መርፌ ብትሰቅሉ ጋደም ብላ ትቀራለች፤ ትሮምሶ ላይ ግን አፍንጫዋን ወደ ምድር ደፍታ ቀጥ ልትል ምንም አይቀራት። መስመሩ ከመሬቱ ጋር ትይዩ በሆነበት ሀገር ኤሌክትሮኖቹ የሚወርዱበት መንገድ የለም። በ1957 እና 1958 ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲታወጅ ግን፣ በሰሜን የነበሩት ሳይንቲስቶች ሰማዩን በሙሉ በሚያነሡ ካሜራዎች ብርሃኑን ሲከታተሉ፣ አዲስ አበባም የራሷን የማግኔት መመልከቻ ጣቢያ ይዛ ገብታለች። ጣቢያው የዩኒቨርሲቲው ነው። እኔ እዚህ ብርሃኑን በዓይኔ የማይበት የማግኔት ማዕበል እዚያ መሣሪያ ላይ መስመር ሆኖ ይመዘገባል። ብርሃኑ ባይደርሰንም ማዕበሉ ያገኘናል።

ወደ ፎቶው ልመለስ። እናቴ ከጠየቀችኝ ወዲህ አነሣሤ ተለውጧል። ሻተሩን 15 እና 20 ሴኮንድ ክፍት ብተወው ምስሉ ይደምቃል፤ ነገር ግን ብርሃኑ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሲታጠፍና ሲዘረጋ የነበረው ሁሉ እርስ በርሱ ተደራርቦ ቅርጽ የሌለው አረንጓዴ ይሆናል። አሁን ብርሃኑ ሲፈጥን ወደ ሁለት ሴኮንድ፣ አንዳንዴም ወደ አንድ እወርዳለሁ። አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት ማለት ነው፣ እስከ 3200 ከፍ አደርጋለሁ፤ ሌንሱንም የቻለውን ያህል እከፍተዋለሁ። ምስሉ ሻካራ ይወጣል። ግን እጥፋቱ አለ፣ ጨረሩ አንድ በአንድ ይታያል። ከድምቀቱ እውነተኛ ቅርጹን እመርጣለሁ። በኮምፒውተር ቀለም ጨምሮ የሚልከውን ሰው አልነቅፍም፤ እኔ ግን ለእናቴ እንዲያ ያለ ሰማይ አልክላትም።

ለመምጣት ለምታስቡ ሦስት ነገር ልንገራችሁ። ፎከሱን በደማቅ ኮከብ ላይ በእጃችሁ አስተካክሉ፤ ኮከቡ ነጥብ እስኪሆን ድረስ አጥብቡት እንጂ ለካሜራው አትተዉለት። ትርፍ ባትሪውን ከውስጥ፣ ከደረታችሁ አጠገብ ያዙ፤ ብርድ ቶሎ ይጨርሰዋል። ወደ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ዝጉት፤ አለበለዚያ ሙቀቱ ሲነካው ሌንሱ ላብ ያወጣል።

ወሩን በተመለከተ ሁሉም ሰው በታኅሣሥ ልምጣ ይላል። ታኅሣሥ ጨለማ ነው፤ ፀሐይ ከኅዳር አጋማሽ ጀምራ ጠፍታ የምትመለሰው በጥምቀት ሰሞን ነው። ለእኔ ግን በመስቀል ሰሞን ኑ። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመስከረምና በመጋቢት የምድር ማግኔት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይናወጣል፤ በመስከረም ደግሞ ሐይቆቹ ገና አልረጉም፣ ብርሃኑን ውኃው ላይም ታነሡታላችሁ። መኪናና ትሪፖድ አለኝ፤ ወፍራም ካልሲ ብቻ ይዛችሁ ኑ።