ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የገባው ወርቅ

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ወንበሩ ዛሬም ይንቋቋል። መልእክት የምትልኩልኝ ሰዎች፣ አውቃለሁ፣ አልቀይረውም።

ባለፈው የአሜሪካዊቷን የስኖውቦርድ ተወዳዳሪ፣ በሰሌዳ ላይ ቆማ በረዶ ላይ የምትንሸራተተውን የክሎኢ ኪምን ነገር ጀምሬ አቋርጬው ነበር አይደል? አልለቀቀኝም። ልጅቷ የ2018ን የኦሎምፒክ ወርቅ ሜዳሊያዋን ወላጆቿ ቤት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጥላዋለች። ራሷ ናት የተናገረችው። በኋላ አንስታዋለች፣ ግን... ጣለችው እኮ!

ያንን የ2018ቱን ኦሎምፒክ፣ የደቡብ ኮሪያውን የፒዮንግቻንግ ሦስተኛ ዙር ስንቴ እንዳየሁት አትጠይቁኝ። 17 ዓመቷ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከመቶ 93.75 አምጥታለች። ከሦስቱ ዙር የሚያዘው የተሻለው ነጥብ ብቻ ነው። መጨረሻ የምትወርደው እሷ ናት፣ ተራዋ ሲደርስ ወርቁ አልቆለታል፣ የሷ ነው። እጇን እያውለበለበች ቀጥ ብላ ብትወርድ ማን ምን ይላታል? እሷ ግን ግድግዳውን ወጣች፤ የሚወዳደሩበት በረዶ እኮ እንደ ግማሽ ቧንቧ ነው፣ ግራና ቀኝ ግድግዳ አለው። አየር ላይ ሦስቴ ዞረች፣ አረፈች፣ ተሻገረች፣ በዚያኛው ግድግዳ ደግሞ ሦስቴ። ሁለት 1080 ዲግሪ በተከታታይ። የሚከብደው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ስታርፍ ትንሽ ከተንገዳገደች ፍጥነቷ ያልቃል፤ ፍጥነት ከሌለ ከፍታ የለም፣ ከፍታ ከሌለ መዞር የለም። እሷ ንቅንቅ አላለችም። 98.25!

ለምን ግን? የተሻለ መሥራት እየቻልኩ ወርቁን ብቻ ይዤ ብሄድ አልረካም ነበር፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር ብላለች። ሌላው አሜሪካዊ ስኖውቦርደር ሻውን ዋይትም በ2010 የቫንኩቨር ኦሎምፒክ ላይ ወርቁን ካረጋገጠ በኋላ ነው ደብል ማክትዊስት 1260 የሚባለውን፣ እየተገለበጡ ሦስት ዙር ተኩል የሚዞሩበትን ዝላይ የሠራው። የሻውን ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ ከጀመርኩት አንጨርስም።

የምን ነበር... አዎ፣ ትዊቱ። ፍጻሜው መሐል ስልኳን አውጥታ፣ ቁርሴን ሳልጨርስ መጥቼ ራበኝ ብላ ጻፈች። ሰው አበደላት። እኔም ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ግን ደስ አይለኝም። ሰው የወደደላት እኮ ያንን ነው፣ እንደማንም ሰው መራቧን። ከዚያ በኋላ ግን ከዝናው የተነሳ እንደማንም ሰው ወጥታ መግባት አቃታት። ወርቁን የጣለችውም በዚህ ተማርራ ነው። ወደደናት ስንል... አይ፣ ይሄ በጣም ከበደ መሰለኝ። እኔ ምን አደረግኳት? ቪዲዮ ነው ያየሁት።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። 2019 ላይ ውድድሩን ትታ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ገባች። ተመለሰች። 2022 ቤጂንግ ላይ በመጀመሪያው ዙር 94 አምጥታ በድጋሚ ወርቅ ወሰደች። ቀሪዎቹን ሁለት ዙሮች ግን 1260 ልሞክር ብላ ወደቀች። እየመራች! ቀለል አድርጋ መውረድ ስትችል!

ይሄ ያልኩትን ሁሉ ያፈርስብኛል። ዝናው ያን ያህል ካንገፈገፋት፣ ለማን ብላ ነው? ለራሷ ነው እንበል። ለራሷ ከሆነ ደግሞ ያኔ የጣለችው... እንጃ። አባቷ ሥራውን ትቶ ነው ተራራ ለተራራ ሲያመላልሳት የኖረው፣ እሱስ ያንን ሲሰማ ምን...